ወደ አሸንድዬ ስንሄድ መንገዱ ምን ምን ያሳየናል?

(የጉብኝት አምድ)

ፈተና አለቀ፣ ክረምቱም ገባ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ብዙዎቻችን ከቤተሰብ ጋር ወደ ክፍለ ሀገር እንሄዳለን፤ ያልሄድነውም የሄዱት ሲመለሱ ወሬ እንጠይቃለን። ስለዚህ የዛሬው የጉብኝት አምዳችን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በደሴ አድርጎ ላሊበላ ድረስ ይወስዳችኋል። ለምን ላሊበላ? ነሐሴ 16 ቀን አሸንድዬ ስላለ ነው።

ብዙ ሰው ወደ በዓል ሲሄድ መኪና ውስጥ ይተኛል። «ስንደርስ ቀስቅሱኝ» ይላል። ይህ ግን በተለይ በዚህ መንገድ ላይ ትልቅ ኪሳራ ነው። ምክንያቱም በዚህ መንገድ ላይ ዘፈን አድራሻ አለው። ሬዲዮ ላይ የምንሰማቸው የዜማ ስሞች እዚህ የከተማና የተራራ ስሞች ናቸው። እንዴት? እስቲ ቀስ እያልን አብረን እንሂድ።

፩. መጀመሪያ አሸንድዬ ምንድን ነው?

አሸንድዬ የልጃገረዶች የዘፈንና የጨዋታ በዓል ነው። ስሙን ያገኘው ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ከሚያስሩት ረጅምና ለምለም ሳር ነው። በዓሉ የሚጀምረው የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን ሲሆን እስከ ነሐሴ 21 ድረስ ይቆያል።

ስሙ እንደየቦታው ይለያያል። በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ ይባላል። በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣ በኩል ሻደይ ነው። በራያ ቆቦ ሶለል ይሉታል። በትግራይ ደግሞ አሸንዳ ነው። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፤ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ሳርና ልጃገረዶች።

አጀማመሩን ሽማግሌዎች በተለያየ መንገድ ያስረዳሉ። አንዳንዶች ከኖኅ ታሪክ ጋር ያያይዙታል፤ ርግቧ ለምለም ቅጠል ይዛ ውኃው መጉደሉን ያበሠረችበት ምልክት ነው ይላሉ። ሌሎች ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያገናኙታል። የዮፍታሔን ልጅ ለማሰብ የተጀመረ ነው የሚሉም አሉ። የቱም ይሁን የቱ፣ ሳሩ ደስታንና ልምላሜን ያሳያል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ልጃገረዶቹ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ቡድን ይመሠርታሉ፣ ዘፈን ያጠናሉ፣ ከበሮ ያዘጋጃሉ። ፀጉራቸውን ሹሩባ ይሠራሉ፣ ቅቤ ይቀባሉ፣ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ይለብሳሉ። በበዓሉ ቀን መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ከዚያ ሰፈር ለሰፈር፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የቤቱ ባለቤት ገንዘብ ወይም ምግብ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም መርቀው ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህን በዓል የሚያዘጋጁት በእኛ ዕድሜ ያሉ ልጆችና ታላላቅ እህቶቻቸው ናቸው። ግጥሙንም የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ አሸንድዬ ትልልቅ ሰዎች ለልጆች የሚያሳዩት ትርዒት ሳይሆን ልጆች ለትልልቅ ሰዎች የሚያሳዩት ነው።

፪. መንገዱ በአጭሩ

ከአዲስ አበባ ላሊበላ በወልድያ በኩል 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ደሴ ወይም ወልድያ ላይ ይታደራል። መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብለን በማኅበራዊ ሳይንስ የተማርነውን ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ በዓይናችን እናየዋለን።

፫. ሸኖ እና ደብረ ብርሃን

የመጀመሪያዋ የምትታወቅ ከተማ ሸኖ ናት። ሸኖ ሲባል ቅቤ ነው። የሸኖ ለጋ ቅቤ የአዲስ አበባ እናቶች የሚያውቁት ነው። ቅቤ ከአሸንድዬ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ፤ ሹሩባ ያለ ቅቤ ምን ይሆናል?

ከሸኖ ቀጥሎ አንጎለላ አለ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የተወለዱት እዚህ ነው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.። ወደ አሸንድዬ በዚያው ሰሞን የምንሄድ ከሆነ የልደታቸው ቀን ሊገጥመን ይችላል ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሯት ከተማ ናት። ስሟ «የብርሃን ተራራ» ማለት ሲሆን፣ በሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን የተነሣ እንደተሰጣት ይነገራል። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ትበርዳለች። በአካባቢው በግ ይረባል፤ ከበጉ ፀጉር ባና ይሠራል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተከፈተባት በከንቱ አይደለም! እዚህ ስትደርሱ ሹራባችሁን ልበሱ።

ጊዜ ያለው ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አንኮበርን ያያል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች።

፬. ጣርማ በር፦ ዝናብ ሁለት ቦታ የሚከፈልበት

ከደብረ ብርሃን ስንወጣ ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደል ይመጣል። ይህ ጣርማ በር ነው። መንገዱ ተራራውን በዋሻ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ዋሻው የተቆፈረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰው ሁሉ «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይለዋል።

ዋሻው ውስጥ ሲገባ ልጆች ይጮኻሉ፣ ይህ የታወቀ ነው። ከጩኸቱ በኋላ ግን አንድ ነገር አስቡ። በዚህ ተራራ ምዕራባዊ ጎን የሚዘንበው ዝናብ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፣ ከጀማ ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ወደ ሱዳንና ግብፅ፣ መጨረሻውም ሜድትራንያን ባሕር ነው። በምሥራቃዊው ጎን የሚዘንበው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ውስጥ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ጎን ለጎን ይወድቃሉ፣ አንዷ ውጭ አገር ትሄዳለች፣ አንዷ አገር ውስጥ ትቀራለች። ምን ትላላችሁ?

እዚህ አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊታይ ይችላል። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የትም አይገኝም። ሳር እየነጨ ይበላል፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ብስኩት አትወርውሩለት። የሰው ምግብ ከለመደ መንገድ ላይ ይወጣና መኪና ይገጨዋል።

፭. ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ ከሚሴ

ከዋሻው በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀት ይጀምራል። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ የለበስነውን ሹራብ እዚህ እናወልቃለን። በነሐሴ የማሽላው ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ሰው ያክላል።

በዚሁ መስመር ላይ ሰንበቴ የምትባል የገበያ ቦታ አለች። ስሟ እንደሚነግረን ገበያው እሑድ ነው። አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ እዚያ ይገናኛል። አንዱ እህል፣ አንዱ ከብት፣ አንዱ ሸማ ያመጣል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ቋንቋ ሲናገር መስማት ለሚፈልግ ከሰንበቴ የተሻለ ክፍል አይገኝም።

ከሚሴ ደግሞ አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚቀላቀሉባት ከተማ ናት። ምሳ እዚህ የሚበላ መንገደኛ ብዙ ነው።

፮. ኮምቦልቻና ባቲ፦ የመጀመሪያው የዘፈን አድራሻ

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። እኛ ግን የምንፈልገው ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በሚገነጠለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ባቲን ነው።

ባቲ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? የሙዚቃ መምህራችን የሚሉን አይደል፣ «የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ»። ባቲ ማለት እንግዲህ ይህች ከተማ ናት!

ቅኝት ምን እንደሆነ ለታናናሾቻችን እናስረዳ። ክራር የሚመታ ሰው ከመጀመሩ በፊት ጅማቱን ጠበቅ ላላ ያደርጋል፣ ድምፁን ያስተካክላል። ይህ መቃኘት ይባላል። ጅማቶቹ የሚቃኙበት የድምፅ አሰላለፍ ነው ቅኝት የሚባለው። በአራቱም ቅኝቶች ውስጥ አምስት አምስት ድምፆች አሉ። አምስቱ ድምፆች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ሲቀየር ስሜቱም ይቀየራል። በአንዱ ናፍቆት ይመጣል፣ በሌላው ኀዘን፣ በሌላው ደስታ።

ለማመን የፈለገ ኪቦርድ ፈልጎ ይሞክር። ጥቁር ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ንኩ። በእያንዳንዱ ዙር አምስት ናቸው። ነጮቹን ሳትነኩ እንደፈለጋችሁ ብትመቱ የሚወጣው ድምፅ ወደ ትዝታ ይወስዳችኋል፤ ምክንያቱም አንደኛው የትዝታ ዓይነት በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው የሚቃኘው፤ ጥቁሮቹም ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ከመጀመሪያው ቁልፍ ተነሥተው ሲቆጠሩ ያንኑ ርቀት ይይዛሉ።

ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። ከደጋ የሚወርደውና ከአፋር በረሃ በግመል የሚወጣው የሚገናኙት እዚህ ነው። ከሰው ብዛት፣ ከግመልና ከፍየል ጩኸት የተነሣ ጎን ለጎን ቆሞ መነጋገር ያስቸግራል። ሰዎች ተገናኝተው እንደገና የሚለያዩባት ቦታ ናትና የናፍቆት ዜማ በስሟ መጠራቱ አይገርምም።

፯. ደሴ፦ አይጠየፍና መንዙማ

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች የወሎ ትልቅ ከተማ ናት። እዚህ የሚታየው ዋና ነገር ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ነው። «አይጠየፍ» የተባለው ሀብታም ነው ድሃ ነው፣ ባለ ሥልጣን ነው ተራ ሰው ነው ሳይባል ሁሉም ገብቶ ስለሚበላበት ነው ይባላል። አዳራሽ እንዲህ ያለ ስም ማግኘቱ ስለ ወሎ ብዙ ይናገራል።

በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች አሉ። አንዱ ዓርብ መስጊድ፣ አንዱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ማታ አንድ ቡና ላይ ይገናኛሉ። ዜማውም እንደዚሁ ነው። በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያን ማሕሌት፣ በሌላ በኩል መንዙማ አለ። መንዙማ በድቤና በጭብጨባ የሚዜም የእስልምና ምስጋና ሲሆን ብዙው በአማርኛ ነው። አንዱ አውጥቶ ሌላው መቀበሉን ስትሰሙ የአሸንድዬን ልጃገረዶች ታስታውሳላችሁ። መሪና ተቀባይ፣ ከበሮና ጭብጨባ። ሃይማኖቱ ሌላ፣ ወጉ ግን የአንድ አገር ወግ ነው።

ከደሴ የተነሣው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንም ብዙ ድምፃውያንን አፍርቷል። ማሪቱ ለገሰ አንዷ ናት። በአምባሰል ዜማ ስሟ የሚነሣው እሷ ናት።

፰. ሐይቅ፦ መጽሐፍ የተጻፈበት ውኃ ዳር

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ሐይቅ ከተማን እናገኛለን። ሐይቁ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ ዋና የማይችል ዳር ላይ ብቻ! ዓሣ ጥብስ እዚህ ይበላል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የጥንት ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚህ ተማሪዎችን ሰብስበው ያስተምሩ፣ መጻሕፍትም ያስገለብጡ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ከተማሩት መካከል ናቸው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ የሚባለው ወንጌል በአገራችን ዘመናቸው ከሚታወቅ የብራና መጻሕፍት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው።

የብራና መጽሐፍ እንዴት ይሠራ እንደነበር አስቡት። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል ይጻፋል። እኛ ይህን መጽሔት በእስክሪብቶ ስንጽፍ እጃችን ሲደክመን እነሱን ማስታወስ ጥሩ ነው።

ወደ ወንዶቹ ገዳም የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴት ልጆች ሐይቁን ከዳር ሆነው ማየት ይችላሉ፣ ውበቱ ያው ነው።

፱. ውጫሌና አምባሰል፦ ሁለተኛው አድራሻ

ከሐይቅ ቀጥሎ ውጫሌ አለ። በታሪክ ትምህርት የምናውቀው የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለ ቦታ ነው። ቀኑ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበር። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ለመገናኘት ጣሊያንን መጠቀም «ትችላለች» የሚል መልእክት ነበረው። በጣሊያንኛው ግን «አለባት» የሚል ሆነ። በአንድ ግስ ልዩነት ጠብ መጣ፤ ጠቡም እስከ ዓድዋ፣ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አደረሰን። የሰዋስው መምህራችን ግስ ላይ ለምን እንደሚቆጡ አሁን ገባን አይደል?

ይህ አገር አምባሰል ይባላል። ቀና ብላችሁ ዙሪያውን እዩ። ገደል ነው፣ አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ነው፣ ደመና ነው። ሁለተኛው ቅኝት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አምባሰልን ቀድሞ በሬዲዮ ብቻ የሰማ ሰው ተራራውን ካየ በኋላ ሲሰማው ድምፁ ለምን ከፍ ብሎ ቀስ እያለ እንደሚወርድ የገባው ይመስለዋል።

በአምባሰል ወረዳ ግሸን ማርያም አለች። አምባዋ የመስቀል ቅርጽ አላት። በየዓመቱ መስከረም 21 እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ይወጣል። በጥንት ዘመን ደግሞ የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እንዳይጣሉ በአምባው ላይ ይጠበቁ ነበር። ግሸን ከዋናው መንገድ ስለሚርቅ ለብቻው ቀን ይፈልጋል።

፲. ወልድያና የጋሸና ዳገት

መርሳ ላይ ፍራፍሬ ገዝተን ወልድያ እንገባለን። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። እዚህ መንገዱ ይከፈላል። ወደ ሰሜን የሄደ ቆቦ ገብቶ ሶለልን ያያል። ወደ ምዕራብ የዞረ በጋሸና በኩል ላሊበላ ይገባል።

የጋሸናው መንገድ እንደገና ደጋ ላይ ያወጣናል። ያወለቅነውን ሹራብ እንፈልጋለን! ገብስ፣ በግ፣ ጉም፣ ባና የለበሰ እረኛ። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። የተከዜ ወንዝ የሚነሣውም ከእነዚሁ የላስታ ተራሮች ነው።

፲፩. ላሊበላ

የላሊበላ የቀድሞ ስሟ ሮሃ ነው። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1978) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ቤት ሲሠራ ከታች ወደ ላይ ነው፤ እነዚህ ግን ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። መጀመሪያ ጣራው፣ ቀጥሎ መስኮቱ፣ በመጨረሻ በሩ። የተሳሳተ ድንጋይ ቢነሣ መልሶ መለጠፍ አይቻልም። ቤተ መድኃኔ ዓለም ትልቁ ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ነው። ከከተማው በላይ አሸተን ማርያም አለች፣ በእግር ወይም በበቅሎ ይወጣል። ራቅ ብሎ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሃነ ክርስቶስ ከላሊበላዎቹ በዕድሜ ይቀድማል።

አሁን ነሐሴ 16 ደረሰ እንበል። ሳር ያሰሩ ልጃገረዶች በጭቃው መንገድ ላይ እየዘፈኑ ይመጣሉ። መንገዱን ተኝቶ የመጣ ሰው የሚያየው ሳርና ቀሚስ ነው። መንገዱን እያየ የመጣ ግን የሸኖን ቅቤ በሹሩባው፣ የሰንበቴን ገበያ በሸማው ያውቀዋል፤ በመሪና በተቀባይ ድምፅ ውስጥ ደግሞ ደሴ የሰማውን መንዙማ ያስታውሳል። በዓሉ የጥቂት ቀናት ሲሆን የተሠራው ግን በ700 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው።

፲፪. ይህ ለምን ይመለከተናል?

በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ አሸንድዬ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላም ወልድያ፣ ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ተጎድተዋል። በኮሮና ምክንያት ቀድሞውንም የቀነሰው እንግዳ ጭራሽ ቀረ። እንግዳ ሲቀር አስጎብኚው ሥራ አጣ፣ በቅሎ የሚያከራየው በቅሎውን ሸጠ፣ መስቀል የሚቀርጸው መሣሪያውን አስቀመጠ። ስለዚህ በመንገድ ላይ ቆሞ ማንጎ መግዛት፣ ዓሣ መብላት፣ አስጎብኚ ይዞ መዞር ቀላል ነገር አይደለም፤ የአንድ ቤት እራት ነው።

ሌላው ደግሞ ዘፈኑ ራሱ ነው። የአሸንድዬ ግጥም በብዛት መጽሐፍ ላይ የለም፤ ያለው በልጃገረዶች አፍና በአያቶች ትዝታ ውስጥ ነው። ቅርስ ሲባል ድንጋይ ብቻ ይመስለናል። ድንጋዩ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቆሟል። ዘፈን ግን አንድ ትውልድ ዝም ካለ ይጠፋል።

፲፫. ለሚሄዱ ምክር

• ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ቤተሰብ ደውሎ ይጠይቅ። ሰላም ካልሆነ በዓሉ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።
• ነሐሴ የዝናብ ወር ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ስለሚበዛ ሾፌሩን ቶሎ በል ብሎ ማስቸኮል አያስፈልግም። በሌሊት አለመጓዝ ይሻላል።
• ሹራብ፣ ጃንጥላና ለጭቃ የሚሆን ጫማ ያዙ። ቆላው ላይ ወባ ስላለ በአጎበር ተኙ።
• የውኃ ፕላስቲክ በመስኮት አትጣሉ፣ በተለይ ሐይቅ አካባቢ።
• ልጃገረዶቹን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። ወንዶች ልጆች፣ ጨዋታውን ማየት ይቻላል፤ መጎተትና መተናኮል ግን ነውር ነው። ያ ቀን የእነሱ ነው።
• ዘፍነውላችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ ትንሽም ቢሆን ስጡ። ከዚያ ምርቃታቸውን ቆማችሁ ስሙ።

፲፬. ለማይሄዱስ?

ሁላችንም የመሄድ ዕድል የለንም፤ ትራንስፖርቱም ውድ ነው። ግን በየሰፈራችን ከወሎ፣ ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከራያ፣ ከትግራይ የመጡ እናቶችና አያቶች አሉ። ቡና ሲፈላ ጠጋ በሉና «እማማ፣ ልጅ ሆነው ለአሸንድዬ ምን ይሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ «ኧረ ረስቼዋለሁ» ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው ያወጡታል። እናንተ ደብተር ላይ ጻፉት፣ ያሉበትን አገርና የእሳቸውን ዕድሜም ጨምሩ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡልን። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ እትም በሰልፍ ላይ እናነበዋለን፣ በዚህ መጽሔትም እናወጣዋለን።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ

1. ከአራቱ ቅኝቶች መካከል በዚህ መንገድ ላይ ወይም አቅራቢያ ያሉ ቦታዎች ስም የሆኑት ሁለቱ የትኞቹ ናቸው?
2. በጣርማ በር ምሥራቃዊ ጎን የዘነበ ዝናብ መጨረሻው የት ነው?
3. የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየው በየትኛው ቃል ነው?
4. የአሸንድዬ በዓል በሰቆጣና በቆቦ ምን ምን ይባላል?
5. የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲሠሩ ጣራው ነው ወይስ በሩ የቀደመው?

መልሶቹ ጽሑፉ ውስጥ አሉ። አምስቱንም የመለሰ ተማሪ ለክበቡ ተጠሪ መምህር ያሳይ።

መልካም የክረምት ዕረፍት! የምትጓዙ በሰላም ደርሳችሁ በሰላም ተመለሱ።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የጉብኝት አምድ አዘጋጆች